ወንበሩን ያጣው፣ ሥራውን ያልተወው ዳይሬክተር

በጡረታ ላይ ባሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርና በአንድ አነስተኛ ጋለሪ በምትሠራ የቀድሞ ተማሪያቸው መካከል የተደረገ ምልልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ጋለሪውን እንድመራ ተጠይቄአለሁ። እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር ሥራው ምንድን ነው? ከውጭ ለሚያየው ሪባን ማስቆረጥ፣ ለጋሾችን ማስተናገድና ደብዳቤ መፈረም ይመስላል።

መምህሩ፦ ያም አለበት። ግን ያየሽው ወንበሩን ነው፣ ሥራው ሌላ ነው። ሁለቱን ለይተሽ ማየት ከፈለግሽ የአንድ ሰው ሕይወት ልንገርሽ። አልፍሬድ ባር ይባላል፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሰዎች ሞማ የሚሉት፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነው። በ27 ዓመቱ ተሾመ፣ በ41 ዓመቱ ከሹመቱ ተነሣ፣ ከዚያም እዚያው ሙዚየም ውስጥ እስከ 65 ዓመቱ ሠራ።

ወጣቷ፦ ከተነሣ በኋላ እዚያው?

መምህሩ፦ እዚያው። እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ሰውየው ለቦታው የበቃው በምን እንደሆነ እንይ። በ1902 ዲትሮይት ተወለደ፣ ያደገው ባልቲሞር ነው፤ አባቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበሩ። ፕሪንስተን ሲማር ቻርልስ ሩፈስ ሞሪ የሚባሉ መምህር የመካከለኛው ዘመን ጥበብ ያስተምሩት ነበር። የእኚህ ሰው ትምህርት ሥዕሉን ከግድግዳ ጌጡ፣ ከብራና መጽሐፉ፣ ከዝሆን ጥርስ ቅርጹ፣ ከብረት ሥራው ጋር አንድ ላይ የሚያይ ነው። አንድ ዘመን ያመረተውን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማጥናት ማለት ነው። ባር ይህን ወስዶ በራሱ ዘመን ላይ አዋለው።

ወጣቷ፦ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ከመስቀሉና ከብራናው ጋር አያይዘን እንደምናጠናው።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ። ያንኑ ዐይን በሕይወት ያሉ ሰዎች ወደሚሠሩት ሥራ አዞረው። በ1927 ዌልስሊ በሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ዘመናዊ ሥነ ጥበብን ብቻ የሚመለከት ኮርስ ከፈተ፤ በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ተማሪዎቹን ሙዚየም ብቻ አልነበረም የሚወስዳቸው። የባቡር ጣቢያ አሳያቸው። ኬምብሪጅ ከተማ ውስጥ ያለ የከረሜላ ፋብሪካ ወስዶ ሕንጻውን እንዲያጠኑ አደረገ። ፊልም፣ የቤት ዕቃ፣ ማስታወቂያ፣ ሙዚቃ ሁሉ በኮርሱ ውስጥ ነበሩ። ተማሪዎቹን የሚፈትንባቸው 50 ጥያቄዎች በዚያው ዓመት ቫኒቲ ፌር መጽሔት ላይ ታትመው ወጥተዋል፤ የጊዜውን ሰዎች፣ ሕንጻዎችና ሥራዎች እየጠቀሰ፣ እያንዳንዱ ለዘመናዊው ጥበብ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነው።

ወጣቷ፦ እና በመጽሐፍ ያነበበውን ነበር የሚያስተምረው ወይስ ያየውን?

መምህሩ፦ ካላየ አይናገርም። በ1927 መጨረሻ ከጓደኛው ከጄሬ አቦት ጋር አውሮፓን ዞረ። ጀርመን ደሳው ሄዶ ባውሃውስ የተባለውን ትምህርት ቤት አየ፤ ሠዓሊው፣ አናጢው፣ ሸማኔው፣ የሕንጻ ባለሙያውና የኅትመት ባለሙያው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ነው። ከዚያ በክረምቱ ብርድ ሞስኮ ገባ። የፊልም ሠሪውን አይዘንስታይንን፣ ሠዓሊውን ሮድቼንኮን፣ እዚያው የተገኘውን ሜክሲኳዊ ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራን አገኘ። የሚያገኛቸውን ይጠይቃል፣ ማስታወሻ ይይዛል። በኋላ ሙዚየሙን ሲያቋቁም ደሳው ያየውን አልረሳውም። በ1932 የኪነ ሕንጻ ክፍል፣ በ1935 የፊልም ቤተ መጻሕፍት፣ በ1940 የፎቶግራፍ ክፍል ተከፈቱ። ዛሬ ሙዚየም ፊልምና ወንበር ቢያሳይ ማንም አይገረምም። ያን ጊዜ ግን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ማለት በአብዛኛው ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ነበር።

ወጣቷ፦ ሙዚየሙን የመሠረተው ግን እሱ አይደለም አይደል?

መምህሩ፦ አይደለም። የመሠረቱት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሊሊ ብሊስ፣ ሜሪ ኩዊን ሳሊቫንና አቢ አልድሪች ሮክፌለር። ኮንገር ጉድየርን ሊቀ መንበር እንዲሆኑላቸው ጠየቁ። ዳይሬክተር ሲፈለግ የሃርቫርዱ ፖል ሳክስ የቀድሞ ተማሪያቸውን ባርን አቀረቡ። በኖቬምበር 1929 ሙዚየሙ ተከፈተ። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። የራሱ ሕንጻ አልነበረውም፤ አምስተኛው ጎዳና ላይ በሚገኝ የቢሮ ሕንጻ 12ኛ ፎቅ ላይ የተከራያቸው ክፍሎች ናቸው። የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ የሴዛን፣ የጎጋን፣ የሱራና የቫን ጎህ ሥራዎች ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ 47 ሺህ ያህል ሰው አሳንሰሩን እየተጋፋ ወጣ።

ወጣቷ፦ ኢኮኖሚው እየወደቀ ሕዝቡ ወደ ሥዕል መጣ! እኛ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ተመልካች አሳጣን እንላለን።

መምህሩ፦ መምጣቱ ብቻ አይደለም፣ ከመጣ በኋላ ምን አገኘ የሚለውን ጠይቂ። በዚያ ዘመን ትልልቅ ሙዚየሞች ሥዕልን በደማቅ ቀለም በተቀቡ ወይም በሐር በተሸፈኑ ግድግዳዎች ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው ይሰቅሉ ነበር። ባር ግድግዳውን ቀለሙ ያልደመቀ ሻካራ ጨርቅ አለበሰው። ሥዕሎቹን በአንድ ረድፍ፣ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ ትቶ፣ በተመልካች ዐይን ትክክል ሰቀላቸው። የሚሰቅለው በመጠንና በመልክ አስተካክሎ አልነበረም፤ አንዱ ሥዕል ስለሌላው አንድ ነገር እንዲናገር አድርጎ ነው። ከጎናቸው ደግሞ አጭር ጽሑፍ ለጠፈ። ጽሑፉ ተመልካቹን እያየው ወዳለው ነገር የሚመልስ ነበር።

ወጣቷ፦ ይህ ለኛ ቀላል ይመስላል፣ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ለአንድ ሥዕል አራት መስመር ግልጽ ጽሑፍ መጻፍ ከማንኛውም ስብሰባ ይከብደኛል። ካልተጠነቀቅኩ «ሠዓሊው የነፍሱን ጥልቀት በቀለም ገልጿል» ብዬ አልፋለሁ።

መምህሩ፦ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ለማንም ሥዕል ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። ባር በ1943 «ዘመናዊ ሥዕል ምንድን ነው?» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ለተራ አንባቢ ጻፈ። ካታሎጎቹን ብትገልጪ የሥራው ዓመት፣ መጠን፣ ባለቤት፣ የታየበት ቦታ ሁሉ ተጣርቶ ተቀምጧል። ከእሱ በፊት ብዙ የዐውደ ርእይ ካታሎግ የስም ዝርዝር ብቻ ነበር። እሱ ካታሎግን ሰው ቤቱ ወስዶ የሚማርበት መጽሐፍ አደረገው። ዳይሬክተር መምህር ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

ወጣቷ፦ መምህር መሆኑን ተቀበልኩ። ግን ሙዚየም ይገዛል፣ ይመርጣል። በሕይወት ካሉ ሠዓሊዎች መካከል ማን ነገ እንደሚቀር በምን ያውቃል?

መምህሩ፦ አያውቅም። ባርም አያውቅም ነበር፤ ይህን በግልጽ ተናግሯል። የዛሬን ሥራ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ከምንገዛቸው አሥር አንዱ ከዓመታት በኋላ ቢጸና ተሳክቶልናል የሚል አቋም ነበረው። ሳይገዙ ቀርቶ በኋላ መጸጸት ገዝቶ ከመሳሳት ይብሳል ብሎ ያምናል። ስብስቡንም በ1933 ባቀረበው ሐሳብ በጊዜ ውስጥ ከሚጓዝ ቶርፔዶ ጋር አመሳሰለው፤ አፍንጫው ወደፊት የሚገፋው ዛሬ ነው፣ ጅራቱ ከ50 እስከ 100 ዓመት ወደኋላ የቀረው ትናንት ነው። አሮጌው ወደ ሌሎች ሙዚየሞች እየሄደ፣ አዲሱ እየገባ ይቀጥላል ማለት ነው። ሥዕላዊ መግለጫውን ራሱ ስሎታል።

ወጣቷ፦ ታዲያ ዛሬ ሞማ ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ለምን አሉ?

መምህሩ፦ ሐሳቡ እስከ መጨረሻው አልተሠራበትም። በ1947 ከሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጋር ስምምነት ተፈረመ፣ አንዳንድ ሥራዎችም ተላለፉ። በ1953 ግን ሙዚየሙ ውሳኔውን ቀየረ፤ ቋሚ የሆኑ ታላላቅ ሥራዎችን ይዞ እንደሚቆይ አስታወቀ። የጅራቱን ሥዕል እየሸጠ አፍንጫውን የሚመግብ ሙዚየም፣ ሕዝቡ አዲሱን ከምን ጋር ያወዳድረዋል? ቢሆንም ያ ተንቀሳቃሽነት ትልቅ ነገር አስገኝቷል። ሊሊ ብሊስ በ1931 ሲሞቱ ስብስባቸውን ለሙዚየሙ ተናዘዙ፤ ግን ሙዚየሙ ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ እንዳለው በሦስት ዓመት ውስጥ ካላሳየ አይወስድም የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። በዚያ በድቀት ዘመን ገንዘቡ ተለመነ፣ በ1934 ሙዚየሙ ስብስቡን ተረከበ። ኑዛዜው ብዙዎቹን ሥራዎች ሸጦ ወይም ለውጦ የተሻለ መግዛትን ይፈቅዳል። በ1939 ከዚያ ስብስብ አንድ የደጋ ሥዕል ተሽጦ የፒካሶ «የአቪኞን ወይዛዝርት» ተገዛ። በ1941 ደግሞ በዚሁ ስብስብ ልውውጥ የቫን ጎህ «በከዋክብት የደመቀው ሌሊት» ገባ። አንዲት ሴት የጻፈችው ጥሩ ኑዛዜ እስከ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚያየውን ሥራ አመጣ።

ወጣቷ፦ ለጋሾች ለሚሰጡት ነገር ሁሉ «እንዳይሸጥ፣ እንዳይነቃነቅ» የሚል ሲጨምሩበት ነው የማውቀው።

መምህሩ፦ እንግዲህ የብሊስን ኑዛዜ አንብቢላቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የናዚዎቹስ ዘመን? እዚያ ላይ ምን አደረገ?

መምህሩ፦ ዝም አላለም። በ1933 እንቅልፍ ማጣት አድክሞት ዕረፍት ወስዶ ሽቱትጋርት ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ የሠዓሊው የኦስካር ሽሌመር ዐውደ ርእይ ሲዘጋ በዐይኑ አየ። ጓደኛው ፊሊፕ ጆንሰን የሽሌመርን «የባውሃውስ ደረጃ» እንዲገዛ ገፋፋው፤ ሥዕሉ በኋላ ለሙዚየሙ ተሰጠ። ስላየው ነገር ጽሑፍ አዘጋጀ፣ የአሜሪካ መጽሔቶች ግን በጊዜው አብዛኛውን ለማተም ፈቃደኛ አልሆኑም። በ1935 ሃኖቨር ሄደ። የዚያ ከተማ ሙዚየም ኃላፊ አሌክሳንደር ዶርነር የሩሲያዊውን ሠዓሊ የማሌቪችን ሥራዎች ደብቀው ይዘው ነበር። ባር ከእነዚያ ሁለት ሥዕሎችን ጠቅልሎ ጃንጥላው ውስጥ ከትቶ ድንበር ተሻገረ። ቢያዝ ለእሱም ለዶርነርም አደጋ ነበር።

ወጣቷ፦ ይህ ታሪክ ደስ ይላል፣ ግን ጥያቄ አለኝ። ያዳናቸው ሥዕሎች የማን ሆኑ?

መምህሩ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። የማሌቪች ወራሾች ከብዙ ዓመታት በኋላ ይገባኛል አሉ። በ1999 ሙዚየሙ አንዱን ሥዕል መልሶ፣ ገንዘብም ከፍሎ ተስማማ። ማዳን አንድ ነገር ነው፣ መያዝ ሌላ። አዳኙ ሰው በመልካም ልብ ያደረገው ነገር ተቋሙን ከባለቤቱ ጥያቄ ነፃ አያወጣውም። እኛ የመቅደላን ንብረት የምንጠይቅ ሰዎች ይህን መርሳት የለብንም።

ወጣቷ፦ ሰዎችንስ አዳነ?

መምህሩ፦ በ1940 ፈረንሳይ ስትያዝ ቫሪያን ፍራይ የተባለ አሜሪካዊ ማርሴይ ላይ ሆኖ አርቲስቶችንና ጸሐፊዎችን ያሸሽ ነበር። ከኒው ዮርክ ስሞችን ያቀረበው፣ ለቪዛ የሚያስፈልጉትን የዋስትና ወረቀቶች ያሰባሰበው ባር ነው። ግን እዚህ ላይ ስሟ መነሣት ያለበት ባለቤቱ ማርጋሬት ስኮላሪ ናት። ሮም የተወለደች፣ ብዙ ቋንቋ የምትናገር ሴት ናት። የወረቀቱን ሥራ አብዛኛውን የሠራችው እሷ ናት፤ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ዋስ የሚሆን ሀብታም ትለምናለች፣ የሠዓሊውን የሕይወት ታሪክ ታዘጋጃለች። ባር አውሮፓ ውስጥ ሠዓሊዎችን ሲያነጋግርም የምታስተረጉመው እሷ ነበረች። ሻጋል፣ ማክስ ኤርንስት፣ ሊፕሺትስ፣ ማሶን በዚያ መንገድ ከወጡት ናቸው። ሙዚየሙ በደመወዝ መዝገቡ ላይ የባሏን ስም ብቻ ነው የጻፈው።

ወጣቷ፦ አሁን ወደ ተነሣበት እንምጣ።

መምህሩ፦ እሺ። ለዚህ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዕቃ ላምጣልሽ፤ የሊስትሮ ሳጥን።

ወጣቷ፦ የሊስትሮ?

መምህሩ፦ አዎ። ጆ ሚሎኔ የሚባል ከሲሲሊ የመጣ ጫማ ጠራጊ ኒው ዮርክ ውስጥ ነበር። የሥራ ሳጥኑንና ደንበኛው የሚቀመጥበትን ወንበር ባገኘው ነገር ሁሉ አስጌጠው፤ ዶቃ፣ ቃጭል፣ የመሳቢያ እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ባለቀለም ጌጣጌጥ። አንድ ጥግ ሳያስቀር ሸፈነው። ቀራፂዋ ሉዊዝ ኔቨልሰን አይታው ሙዚየሙን አሳወቀች። በ1942 የገና ሰሞን ባር ሳጥኑን ሙዚየሙ መግቢያ ላይ አቆመው። እስቲ አስቢው። ጫማውን ያስጠረገ ባለሀብት ሲገባ የሚቀበለው ፒካሶ ሳይሆን የጫማ ጠራጊው ሳጥን ነው።

ወጣቷ፦ እኔ ብሆን በደስታ ነበር የማየው።

መምህሩ፦ የቦርዱ ሊቀ መንበር ስቲቨን ክላርክ ግን ተቆጡ። በቀጣዩ ዓመት በ1943 የሞሪስ ሂርሽፊልድ ዐውደ ርእይ ተጨመረበት። ሂርሽፊልድ ከፖላንድ የመጣ፣ ብሩክሊን ውስጥ የቤት ጫማ ሲያመርት ኖሮ በስተርጅና መሣል የጀመረ ሰው ነው። ጋዜጦች ቀለዱበት። ከዚህ በተጨማሪ ባር የአስተዳደር ሰው አይደለም፣ የሚጽፈውን መጽሐፍ በጊዜው አይጨርስም የሚል ቅሬታ ነበር። ቅሬታው ጨርሶ መሠረት የለውም አልልሽም፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነበር። በኦክቶበር 1943 ክላርክ ደብዳቤ ጻፉለት። ከዳይሬክተርነት ይነሣል፣ እቤቱ ሆኖ ይጽፋል፣ ደመወዙም ከ12 ሺህ ወደ 6 ሺህ ዶላር ይወርዳል።

ወጣቷ፦ በግማሽ!

መምህሩ፦ በግማሽ። አሁን አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?

ወጣቷ፦ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ። ክብርስ?

መምህሩ፦ ክብር ያልሽውን ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚረዳው። ባር ግን አልወጣም። ወሬውን የሰሙ የሙዚየሙ ሠራተኞች አዘኑ። እሱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትንሽ ቦታ ተሰጠው፤ ጠረጴዛውን እዚያ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። በ1946 ስለ ፒካሶ የ50 ዓመት ሥራ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ ሃርቫርድ ለዓመታት ያልተጠናቀቀውን የዶክትሬት ዲግሪውን በዚያ ሥራ ሰጠው። በ1951 ስለ ማቲስ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ተከተለ። በ1947 የስብስቦች ዳይሬክተር ተብሎ ተሾመ፤ ሙዚየሙ ምን እንደሚገዛ የሚወስነውን ሥራ እስከ 1967 መራ። አየሽ፣ ከጠቅላላ ዳይሬክተርነት አንሥተውት የሙዚየሙን ልብ በእጁ ላይ ተዉለት። ከእሱ በኋላ ዳይሬክተር የነበሩት ሬኔ ዳርኖንኩር አስተዳደሩን በሚገባ ያዙት፣ ሁለቱም ተስማምተው ሠሩ።

ወጣቷ፦ ልክ ነው እንበል። ግን ጋሼ፣ ይህን ታሪክ ለሁሉም ሠራተኛ ምክር አድርገን ብንሰጠው አለቃ የሚበድለው ሁሉ ዝም ብሎ ይቀመጥ ማለት አይሆንም?

መምህሩ፦ አይሆንም። ባር ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ሠራ። ሹመቱንም በልመና አልፈለገም። የሚሠራው ነገር ከወንበሩ ጋር የማይሄድበት ሰው ስለነበር ነው። ዐይኑንና እውቀቱን ማንም በደብዳቤ ሊቀንስበት አይችልም። ወንበሩ ሲሄድ ሥራውም አብሮ የሚሄድበት ዳይሬክተር መጀመሪያም ሥራ አልነበረውም።

ወጣቷ፦ ከተነሣ በኋላ የመረጠው ተሳካለት?

መምህሩ፦ አንድ ምሳሌ በቂ ነው። በጃንዋሪ 1958 ሊዮ ካስቴሊ ጋለሪ የ27 ዓመቱን የጃስፐር ጆንስን የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእይ አቀረበ። ባር ሄደ፣ ከዚያ አንድ ዐውደ ርእይ ለሙዚየሙ ሦስት ሥዕሎች መረጠ። ለማይታወቅ ወጣት ይህ ያልተለመደ ነው። «ባንዲራ» የተባለውን ሥዕል ግን ቦርዱ የአገር ፍቅርን ይነካል ብሎ እንዳይቃወም ሠጋ። ፊሊፕ ጆንሰንን እንዲገዛው ጠየቀው። ጆንሰን በ1973 ሥዕሉን ለባር ክብር ሲል ለሙዚየሙ ሰጠ። ሴናተር ማክካርቲ ሰውን ኮሙኒስት እያለ በሚያሳድድበት ዘመንም ባር በ1952 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ዘመናዊ ጥበብ ኮሙኒስታዊ ነው የሚለውን ክስ ተከራከረ። ሂትለርም ስታሊንም ዘመናዊ ጥበብን ያገዱ መሆናቸውን አስረድቶ፣ ነፃ አገር የእነሱን ቋንቋ መናገር የለበትም አለ።

ወጣቷ፦ አሁን እኔን የሚያስጨንቀኝን ልናገር። የ1936ቱን «ኩቢዝምና ረቂቅ ጥበብ» ካታሎግ ሽፋን እርስዎ ክፍል ውስጥ አሳይተውናል። ባር የሳለው ሰንጠረዥ ነው፤ ከ1890 እስከ 1935 ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንቅስቃሴዎቹ በቀስት ይያያዛሉ። በጥቁር የተጻፉት የአውሮፓ እንቅስቃሴዎች ናቸው። በቀይ የተጻፉት ከውጭ የገቡ ተጽዕኖዎች ናቸው፤ የጃፓን ኅትመት፣ የቅርብ ምሥራቅ ጥበብ፣ የጥቁር ሕዝቦች ቅርጻ ቅርጽ፣ የማሽን ውበት። ቀስቱ ከእኛ ይነሣል፣ ወደ እኛ ግን አይመለስም። አፍሪካ ግብዓት ናት፣ ዘመናዊ ሠዓሊ የላትም።

መምህሩ፦ እውነትሽን ነው። ያ ሰንጠረዥ ብዙ ትውልድ አስተምሯል፣ ብዙ ትውልድም አሳውሯል። በ1935 ሙዚየሙ 600 ያህል የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጾችን በትልቅ ክብር አሳይቷል፣ ግን የሠሪዎቹ ስም የለም። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም ጨምሪ። በ1937 ዊልያም ኤድመንድሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ቀራፂ የግል ዐውደ ርእይ ቀረበለት። በ1942 ከጃኮብ ሎውረንስ 60 ሥዕሎች ያሉት የስደት ተከታታይ ሥራ ግማሹ ተገዛ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ፣ የስብስቡ ኃላፊ ባር በነበረበት ጊዜ፣ የእስክንድር ቦጎስያን «የጁጁ ሠርግ» ወደ ሙዚየሙ ገባ። እስክንድር የ1964ቱን ሥራ ሲሠራ ገና ሠላሳ አልሞላውም።

ወጣቷ፦ እስክንድር በሰንጠረዡ ላይ የትኛው ቀስት ጋ ይገባል?

መምህሩ፦ የትም አይገባም። የኛን ጠልሰም፣ የምዕራብ አፍሪካን ተረት፣ የፓሪስን ሱርሪያሊዝም በአንድ ሰሌዳ ላይ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ቀስት አይታሰርም። እሱ ሙዚየሙ ውስጥ መገኘቱ ራሱ ሰንጠረዡ ትንሽ እንደነበረ ይመሰክራል። ባር ለሰንጠረዡ ያደረ ሰው አልነበረም፤ እድሜ ልኩን ሲያርመው ኖሯል። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን እንደ መጨረሻ ቃል ወሰዱት።

ወጣቷ፦ ታዲያ የኛን ሰንጠረዥ ማን ይሠራዋል?

መምህሩ፦ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ባር በኦገስት 1981 አረፈ። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአሜሪካ ስደት ላይ ሞተ። ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕል ሲያሳይ፣ ይህ የኛ አይደለም ያለው ሰው ብዙ ነበር። ሥራዎቹ ከጀርመን ተመልሰው ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ማዕከል የተከፈተው በ2008 ነው። ሰውየው ከሞተ 27 ዓመት በኋላ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው በእሱ ላይ ደረሰ። የኛ ችግር የሠዓሊ እጥረት ሆኖ አያውቅም። ሠዓሊው በሕይወት እያለ ሥራውን የሚያየው፣ የሚገዛው፣ የሚመዘግበውና ስለ ሥራው በግልጽ የሚጽፈው ሰው ነው የጠፋው።

ወጣቷ፦ ገንዘብ የለንም፣ ጋሼ። ባር ጀርባ ሮክፌለር ነበር።

መምህሩ፦ ነበር፤ ገንዘብ አያስፈልግም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ከባር ሥራ መካከል ያለ ሮክፌለር የሚሠራ አለ። ሙዚየሙ የአንድ በሕይወት ያለ ሠዓሊ ሥራ ሲያገኝ መጠይቅ ይልክለት ነበር። መቼ ሠራኸው? በምን ቁሳቁስ? በምን አጋጣሚ? ለአንተ የተለየ ትርጉም አለው? ሠዓሊው የሚመልሰው ከሥራው ፋይል ጋር ይቀመጣል። ዛሬ ተመራማሪዎች ከሚመኩበት መረጃ ብዙው ከእነዚያ ወረቀቶች የመጣ ነው። ይህን ለማድረግ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ከዚያም ትዕግሥት ይበቃል።

ወጣቷ፦ ጋለሪያችን መጋዘን ውስጥ ፊርማ ብቻ ያላቸው፣ ዓመታቸው የማይታወቅ ሸራዎች አሉ። ከሠሯቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ።

መምህሩ፦ እንግዲህ ሥራሽ እሱ ነው። ኃላፊነቱን ተቀበዪ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ግን ሰዎቹ ጋ ሂጂ። አንቺ ብቻም አይደለሽም፤ ይህን የሚሰማ፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሥዕል የሰቀለ ሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ሥዕሉን አውርዶ በጀርባው በኩል የሠዓሊውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ መጠኑንና ከማን እንዳገኘው በወረቀት ጽፎ ያያይዝበት። ያላወቀውን ሠዓሊው በሕይወት ሳለ ደውሎ ይጠይቀው።